የነቀዝ ክኒን አደጋ እንዴት ይሰላል?

በወልዲያ፣ እንዲሁም በመርሳና በሌሎች የሀብሩ ወረዳ ገበያዎች ማሽላ የሚያከማች ነጋዴ የነቀዝን ኪሳራ በኩንታል እንደሚያሰላ ሁሉ የክኒኑንም አደጋ ማስላት ይገባዋል። አደጋውን የሚወስኑት ሰው የሚተነፍሰው የመርዝ መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ናቸው።

አንድ የ3 ግራም አሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን 1 ግራም ያህል ፎስፊን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በሙሉ 4 በ4 በ3 ሜትር በሆነ ዝግ ክፍል ቢጠራቀም፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 15 ያህሉን ይይዛል። በአሜሪካ ሕግ ለ8 ሰዓት ሥራ የተፈቀደው ጣሪያ 0.3 ነው፤ ልዩነቱ 50 እጥፍ መሆኑ ነው።

ጋዙ ማርከሻ የለውም፤ ሽታው አለመሰማቱም ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ዘበኛን ክኒን በተደረገበት መጋዘን ማሳደር፣ ቤተሰብንም ከግድግዳው ማዶ ማስተኛት ቁጠባ ሳይሆን በሰው ሕይወት መነገድ ነው።