የሜኑ ስክሪፕት ስሕተት እንዴት ይፈለጋል?

ሼል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቅርፊት ማለት ሲሆን፣ ከርነል የሚባለው ደግሞ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ፍሬ ነው። በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፕዩተር ፍሬውን በቀጥታ አያስነካም፤ ተጠቃሚው ትእዛዙን ለቅርፊቱ ይሰጣል፣ ቅርፊቱም ለፍሬው ያስተላልፋል። ስቲቭ ቦርን በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ሼል እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ወጣ። ዛሬ በብዛት የምንገለገልበትን ባሽ ደግሞ ብራያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣው። ዘወትር የምንደጋግማቸውን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ላይ በተርታ ጽፈን ሼሉ እንዲያነባቸው ስናደርግ ፋይሉ ስክሪፕት ይባላል። በመጀመሪያው ላይ እንደ ምግብ ቤት ዝርዝር ሥራዎቹን በቁጥር ደርድረን ተጠቃሚው አንዱን እንዲመርጥ ካደረግን የሜኑ ስክሪፕት ሆነ ማለት ነው። (የትእዛዞቹን ስም እዚህ እንደ አነባበባቸው አስቀምጫለሁ፤ በኮምፕዩተር ላይ የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ነው።)

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ወቅት እኔና ሁለት ጓደኞቼ የጻፍነው ስክሪፕት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚታወስ ነው። እንዲህ ያለውን ጊዜ ላየ ትምህርት ቤት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሰርቨር ቅንጦት አይደለም። በኪዊክስ አማካይነት ውክፔዲያን፣ ከዚያም ሌላ የየክፍሉን ትምህርትና የሦስት ሴክሽን ሮስተር በአንድ አሮጌ ኮምፕዩተር ላይ አስቀመጥን። የትምህርት ቤቱ የኮምፕዩተር ክፍል ኃላፊ ትእዛዝ መሸምደድ ሳያስፈልጋቸው እንዲሠሩበት ብለን ባለ አምስት ቁጥር ሜኑ አዘጋጀን፦ 1 ኔትወርክ ለማስተካከል፣ 2 ገጾቹን የሚያቀርበውን ፕሮግራም ለመጫን፣ 3 ትምህርቶችን ከውጭ ሃርድ ዲስክ ወደ ሰርቨሩ ለመቅዳት፣ 4 የመጠባበቂያ ቅጂ ሰዓት ለመወሰን፣ 5 በሃርድ ዲስኩ ላይ ያሉትን አሮጌ ቅጂዎች ለማጥፋት።

ልምምዱን ጨርሰን ደሴ ከተመለስን በኋላ ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ፣ ስንት ቁጥር መረጡ?»
«3ን። ‹ተጠናቋል› ይላል።»
«ልጆቹ ጋ ምን ይታያል?»
«ባዶ ገጽ።»
«ስሕተት የሚል ነገር አልወጣም?»
«ኧረ ምንም! አብሽር ልጄ፣ ‹ተጠናቋል› ነው የሚለው። 5ም አልሠራ ብሎኛል፤ ሦስቴ ሞክሬዋለሁ። ‹እርግጠኛ ነዎት?› ይላል፣ አዎ ስለው ወደ ሜኑው ይመለሳል።»

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሐረጎን ወርዶ መመለስ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። በመሆኑም በስልክ እንጨርሰው አልን።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችን ጠባይ መገመትና መነካካት ነው። እኔም «ገመዱን ነቅለው ይሰኩት» ብዬ ጀምሬ ነበር። መቅደም ያለበት ግን ስክሪፕቱ ያጋጠመውን ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። የእኛ ስክሪፕት እያንዳንዱን ሥራ ሲጨርስ «ክሊር» በሚለው ትእዛዝ ስክሪኑን አጥርቶ ሜኑውን እንደገና ያሳያል። እንዲያምር ብለን ያደረግነው ነው። ሼሉ ስሕተቱን ጽፎ ነበር፤ ክሊር ግን ጋሼ ሳያዩት ይደመስሰዋል። «ክሊር» ካለበት መስመር ፊት የ# ምልክት ስናስገባ ሼሉ መስመሩን ይዘለዋል። ይህን እንዳደረጉ ጋሼ እንግሊዝኛውን በፊደል በፊደል አነበቡልኝ፤ «ኒው» የሚባል ፋይል ወይም ፎልደር የለም ይላል።

ታዲያ የለም እያለ «ተጠናቋል» ማለትን ምን አመጣው? ማንኛውም ትእዛዝ ሲያበቃ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ትቶ ይሄዳል፤ ይህም «$?» በሚል ምልክት ይጠየቃል። በእኛ ማርክ ሊስት 0 የወደቀ ነው፤ በሼል ግን 0 ሙሉ ማርክ ሲሆን ሌላው ሁሉ ውድቀት ነው። እኛ ቁጥሩን ሳንጠይቅ ከመቅጃው ትእዛዝ በታች «ተጠናቋል» የሚል መስመር ብቻ ጽፈን ነበር። በልምምድ ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ስንል ተማሪው ሁሉ «አዎን መምህር!» እንደሚለው መሆኑ ነው። ጥያቄ ሰጥተን መልሱን ሳናይ መግባቱን አናውቅም። አሁን መቅጃውን «ኢፍ» በሚለው ውስጥ አስገብተን 0 ከመለሰ ብቻ «ተጠናቋል»፣ አለዚያ «አልተቀዳም» እንዲል አደረግነው።

«ኒው» የተባለው ከየት መጣ? ሃርድ ዲስኩ በዊንዶውስ ሲዘጋጅ የተሰጠው ስም «ኒው ቮልዩም» ነው፤ በመካከሉ ክፍት ቦታ አለው። አባቶቻችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ (፡) ይለዩ እንደነበር ሁሉ ሼልም በክፍት ቦታ ይለያል። ስለሆነም አንዱን ዲስክ «ኒው» እና «ቮልዩም» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አድርጎ አነበበው። መድኃኒቱ ተለዋዋጩን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን በዓይን ለማየት ስክሪፕቱን «ባሽ ሰረዝ ኤክስ» ብሎ ማስኬድ ይበጃል፤ ሼሉ እያንዳንዱን መስመር ከመፈጸሙ በፊት የ+ ምልክት አስቀድሞ ያሳያል። «ባሽ ሰረዝ ኤን» ደግሞ ምንም ሳይፈጽም የአጻጻፍ ስሕተት ብቻ ይፈትሻል።

(በዊንዶውስ ኖትፓድ ለሚጽፉም አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ መስመር ሲያበቃ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፤ አንደኛው ከጽሕፈት መኪና የወረሰው የጋሪ መመለሻ ነው። ሊኑክስ አንዱን ብቻ ስለሚጠብቅ ደህናው ስክሪፕት በመጀመሪያው መስመር ሊወድቅ ይችላል። «ዶስ-ቱ-ዩኒክስ» የሚባለው ፕሮግራም ያጸዳዋል።)

ወደ 5 ቁጥር ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲባሉ የ«ዋይ»ን ቁልፍ ይመታሉ፤ ነገር ግን ኪቦርዳቸው ሁልጊዜ በአማርኛ ላይ ስለሆነ የሚጻፈው «ይ» ነው። ስክሪፕቱ ከ«ዋይ» በስተቀር ሁሉን እንደ እምቢታ ስለሚቆጥር ወደ ሜኑው ይመለሳል። ይህማ ቀላል ነው፣ በ«ኬዝ» ውስጥ ከ«ዋይ» ጎን የ| ምልክትና «ይ»ን መጨመር ብቻ ነው ብዬ በስልክ ማስጻፍ ጀመርኩ። ጓደኛዬ «ቆይ እስቲ፣ ከሥሩ ያለውን መስመር አንብበው» አለኝ።

አነበብኩት። የአሮጌ ቅጂዎቹን ፎልደር አድራሻ የያዘውን ተለዋዋጭ ወስዶ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፋ ይላል። አድራሻው የሚገኘው ዲስኩ ሲሰካ ነው።

«ጋሼ፣ 5ን ሲሞክሩ ዲስኩ ተሰክቶ ነበር?»
«የለም፣ ዲስኩማ ያን ቀን ቤት ነበር።»

ዲስኩ ከሌለ ተለዋዋጩ ባዶ ነው፤ ተለዋዋጩ ባዶ ሲሆን ደግሞ ከትእዛዙ የሚቀረው «/*» ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም ከሥር ጀምሮ በኮምፕዩተሩ ያለ ሁሉ ማለት ነው። ማጥፊያው ትእዛዝ ብቻውን የቆመውን «/» አላጠፋም ብሎ ይከላከላል፤ «/*»ን ግን ሼሉ አስቀድሞ በየስሙ ዘርዝሮ ስለሚሰጠው መከላከያው አይሠራም። ስክሪፕቱ የሚሠራው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነበር። የሦስት ሴክሽን ሮስተር ሦስት ጊዜ ከጥፋት ያመለጠው በአንዲት «ይ» ነው! እኔ ደግሞ እሷን «ላስተካክል» ተነሥቼ ነበር።

በትልልቆቹም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ስቲም የተባለው የጨዋታ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ በነበረው ስክሪፕት ውስጥ ልክ እንዲህ ያለ ባዶ ተለዋዋጭ ተገኝቶ የተጠቃሚ ፋይሎችን እንዳጠፋ ተገልጿል።

መከላከያው አጭር ነው። ተለዋዋጩን በድፍን ቅንፍ ውስጥ አድርጎ ከስሙ ቀጥሎ «:?» መጻፍ ነው፤ ባዶ ከሆነ ሼሉ ስክሪፕቱን እዚያው ያቆመዋል። «ሴት ሰረዝ ዩ» የሚባለውም ይረዳል፤ ግን የሚይዘው ፈጽሞ ያልተሰየመውን እንጂ ተሰይሞ ባዶ የሆነውን አይደለም፤ የእኛ ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት ነበር።

4 ቁጥር ቀላል ነገር ሆነ። ቅጂው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲወሰድ ብለን ለክሮን 8 ሰጥተነዋል። ክሮን ደግሞ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የእሱ 8 የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ልክ ክፍል ሲጀመር። ሰርቨሩ ጠዋት ጠዋት ይንቀራፈፋል ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። 2 ብለን አረምነው።

አሁን 5 ቁጥር አስቀድሞ የፎልደሩን አድራሻና የፋይሎቹን ብዛት ያሳያል፤ ከዚያም «አጥፋ» የሚለውን ቃል በሙሉ በአማርኛ ካልጻፉለት አይሠራም። የጋሼ ኪቦርድ እንደሆነ ሁልጊዜም አማርኛ ላይ ነው። የሃርድ ዲስኩ ስም ግን አሁንም «ኒው ቮልዩም» ነው፤ ልንለውጠው ብንል «ምን አደረጋችሁ?» ብለው ከለከሉን።