ስለ መሬት ስሪት ቃሎች ትርጉም

አገር የሚጸናው በመሬት ነው፤ መሬትም በሰላም የሚታረሰው የማን እንደ ሆነና በምን ስሪት እንደ ተያዘ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ለዳኛና ለሹም የሚቀርበው የመሬት ክርክር ከወሰን መገፋት ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ከቃል መደባለቅም ይነሣል። አንዱ ርስት ሲል ሌላው ጉልት ይመስለዋል፤ አንዱ ስለ ይዞታ ሲናገር ሌላው ስለ ባለቤትነት ይሰማዋል። ሹሙም በአሮጌ ደብተር ወይም በውል ወረቀት የተጻፈውን ቃል አሳስቶ የተረጐመው እንደ ሆነ፥ ያለ ጥፋቱ ከመሬቱ የሚነቀል ቤተ ሰብ ይኖራል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ቃሎች ከነትርጉማቸው ከዚህ ቀጥሎ ተገልጸዋል።

1ኛ፤ ርስት። ርስት ማለት በትውልድ የሚገኝ መሬት ነው። በጎጃም፥ በበጌምድር፥ በትግሬ፥ በመንዝና በነዚህ አቅራቢያ ባሉ አገሮች፥ መሬቱን በመጀመሪያ ያቀና ዋና አባት የወለዳቸው ሁሉ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ በአባትም በእናትም በኩል ትውልዳቸውን ቈጥረው ድርሻ ይጠይቁ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ከደቡብ አገሮች በብዙዎቹ ግን ርስት የሚለው ቃል በግዥ ወይም በስጦታ ተገኝቶ በአንድ ሰው ስም ለተጻፈ መሬትም ይነገር ነበር። እንግዲህ በወረቀት ላይ ርስት የሚል ቃል የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወረቀቱ የየትኛው አገር እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በአንደኛው አገር የዘመድ ሁሉ ድርሻ ያለበት ሲሆን፥ በሁለተኛው አገር የአንድ ሰው ብቻ ነበርና።

2ኛ፤ ጉልት። ጉልት የመሬቱ ባለቤትነት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ለመኳንንት ወይም ለአብያተ ክርስቲያናት የሚሰጡት፥ በአንድ አገር የመግዛትና ግብሩን የመቀበል መብት ነበር። ስለዚህ በአንድ መሬት ላይ ሁለት መብት ይገናኝ ነበር፤ ገበሬው በርስቱ ያርሳል፥ ባለ ጉልቱም ግብሩን ይቀበላል። ጉልቱ ከአባት ወደ ልጅ እንዲተላለፍ የተፈቀደ እንደ ሆነ ርስተ ጉልት ይባል ነበር። ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት በ1958 ዓ. ም. በወጣው ዐዋጅ ቀርተዋል። ለምሳሌ አንድ ሰው ለአያቱ ጉልት መሰጠቱን የሚመሰክር ወረቀት ይዞ ቢቀርብ፥ ወረቀቱ የሚያስረዳው አያቱ ግብር ይቀበል እንደ ነበረ ነው እንጂ፥ በዚያ አገር ያረሱት ገበሬዎች ርስት የሌላቸው እንደ ነበሩ አይደለም።

3ኛ፤ ማደሪያና ሰሞን። ማደሪያ ማለት ለወታደር ወይም ለሹም በደመወዝ ፈንታ የሚሰጥ መሬት ነበር፤ ባለ ማደሪያው አገልግሎቱን የተወ እንደ ሆነ መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለስ ነበር። ሰሞን ማለት ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተመደበ መሬት ነው፤ ቀዳሹም፥ ደብተራውም፥ ሌላው አገልጋይም በእርሱ ይኖርበት ነበር። ሁለቱም ከአገልግሎት ጋራ የተያያዙ ስለ ሆኑ፥ ከርስት የሚለዩት በዚህ ነው።

4ኛ፤ ጋሻ፥ ቀላድ፥ ጠፍ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው፤ በዚህ ገመድ የተለካውም አገር የቀላድ መሬት ተባለ። ጋሻ የስፋት መለኪያ ሲሆን፥ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል፤ ነገር ግን የቀድሞው ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፥ አሮጌውን ጋሻ በዛሬው ሄክታር መንዝሮ ወሰን መቍረጥ አይገባም። መሬቱ ለግብር ሲመደብ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ይከፈል ነበር። በተለኩት አገሮች የመሬቱ ግብር ለአንድ ጋሻ ለም 15 ብር፥ ለም ጠፍ 10 ብር፥ ጠፍ 5 ብር ነበር፤ አሥራት ለብቻው ነው። ጠፍ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ በግብር ደብተር የመሬቱን ደረጃ ያሳያል፥ በሕዝብ ንግግር ግን ባለቤቱ የጠፋበትን ባዶ መሬት ያመለክታል። በደብተር ጠፍ ተብሎ የተጻፈ መሬት ሁሉ ባለቤት ያልነበረው መሬት አይደለም።

5ኛ፤ ሲሶ፥ እርቦ፥ እኩል። ሲሶ በደቡብ አገሮች ለአገሩ ባላባት የተተወው መሬት ስም ነበር፤ በስሙ ከሦስት አንድ ይባል እንጂ በተግባር ከዚያ ያነሰበት አገር ነበር። በጭሰኛ ውል ውስጥ ግን ሲሶ ማለት ከምርት ለባለ መሬቱ የሚከፈለው ሦስተኛ እጅ ነው። ለምሳሌ ከማሳው 12 ኩንታል እህል የተገኘ እንደ ሆነ፥ ለባለ መሬቱ የሚደርሰው በእኩል 6፥ በሲሶ 4፥ በእርቦ 3 ኩንታል ይሆናል። ጭሰኝነት በ1967 ዓ. ም. ቢቀርም፥ በእኩልና በእርቦ ተዋውሎ ማረስ በገበሬዎች መካከል አልቀረም። ስለዚህ ዘሩን፥ በሬውንና ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ በውሉ ለይቶ ማስጻፍ ከብዙ ክርክር ያድናል።

6ኛ፤ ወለድ አገድ። ይህ ቃል ገንዘብ ያበደረ ሰው በወለዱ ፈንታ የተበዳሪውን መሬት ይዞ ፍሬውን የሚወስድበትን ውል ያመለክታል። ወለድ አገድ ሽያጭ አይደለም፤ ገንዘቡ ሲመለስ መሬቱም ይመለሳል። ዘመን በመርዘሙ ብቻ አበዳሪው ባለ መሬት ነኝ ብሎ የተነሣ እንደ ሆነ፥ ዳኛው የውሉን የመጀመሪያ ቃል ማየት ይገባዋል።

7ኛ፤ ባለቤትነትና ይዞታ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ወደ መንግሥት ዞረ። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፥ መሬትም የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ገበሬው ያለው ይዞታ ነው፤ ይኸውም የማረስና በመሬቱ የመጠቀም፥ ሕጉ በሚፈቅደው መጠንም የማከራየትና የማውረስ መብት ነው። በጕልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤት፥ የተከለው ዛፍና ያደረገው ማሻሻያ ግን የገዛ ሀብቱ ነው። ከዚህ የተነሣ «መሬት ሸጥሁ» የሚል ውል ሕግ የማይቀበለው ሲሆን፥ «ቤቴን ሸጥሁ» የሚለው ግን በሌላ መንገድ የሚመረመር ነው። የይዞታ ደብተርም የያዡን መብት ያስረዳል እንጂ የመሬቱ የሽያጭ ወረቀት አይደለም።

እንግዲህ አሮጌ ወረቀት የቀረበለት ሹም አራት ነገር ይጠይቅ፤ መሬቱን ያርስ የነበረው ማን ነው? ግብሩን ይከፍል የነበረውስ ማን ነው? ለማን ይከፍል ነበር? ያራሹ ልጅስ አባቱን ይወርስ ነበርን? የነዚህ መልስ ሲገኝ የቃሉ ትርጉም ይገለጣል፤ ከዚያም በኋላ ከ1967 ዓ. ም. ወዲህ በወጡት ዐዋጆች መመዘን ይገባል። የቀድሞው ቃል ታሪኩን ለማስረዳት ይጠቅማል እንጂ፥ ለዛሬው ክርክር ፍርድ የሚሰጠው በሥራ ላይ ያለው ሕግ ነው። በተለይም ስሟ በደብተር ያልተጻፈ ሚስት፥ ባሏ የሞተባትና አባት እናት የሌለው ልጅ በቀረቡ ጊዜ ሹሙ ለምርመራ አይቸኩል፤ በቃል መደባለቅ ፈጥነው የሚጐዱት እነዚህ ናቸውና።