«እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ሕይወት ዓላማና ስለ ጸሎት

በደሴ ሰኞ ገበያ ወይም በኮምቦልቻ መናኸሪያ ለአፍታ ቆሞ የሰውን ንግግር የሚያዳምጥ አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ሙስሊሙ ነጋዴ የነገ ቀጠሮውን ሲናገር «ኢንሻ አላህ» ይላል፤ ክርስቲያኑም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብም ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን፣ እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች የመከራቸው ይህንኑ እንዲሉ ነበር (ያዕ. 4፥13-15)። ሐዋርያው ማቀድን አልከለከለም፤ የነቀፈው ነገን እንደ ግል ንብረት መቁጠርን ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልካም ቃል አፋችን ስለ ለመደው ትርጉሙን እንስተዋለን። አንዱ ላለመሥራት ምክንያት ያደርገዋል፤ ሌላው አስቀድሞ የወሰነውን ነገር ማሳመሪያ ያደርገዋል።

ጉዳዩ የቃላት ብቻ አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ የስንቱ ቤተሰብ እቅድ እንደ ተበተነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥሎም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ወጣቶች ወደ እኛ እየመጡ «አባ፣ ጾመን ነበር፣ ጸልየን ነበር፤ እግዚአብሔር ለምን ዝም አለን?» ብለው ጠይቀውናል። አንዱን ወጣት ከፈተናው በፊት «በርትተህ ጸልይ፣ ይሳካልሃል» ብለን ሸኝተነው ነበር። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ለብዙ ወራት ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጣል አንችልም፤ ያልተሰጠንን ተስፋ በእግዚአብሔር ስም የሰጠነው እኛ ነን። ይህ ትምህርት የተጻፈው ያንን ስሕተት እንዳንደግመው ነው።

1. መድረሻና መንገድ

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ «መንፈሳዊ ልምምዶች» በተባለው መጽሐፉ የሰው የመጨረሻ ዓላማ እግዚአብሔርን ማመስገን፣ ማክበርና ማገልገል፣ በዚህም ነፍስን ማዳን እንደ ሆነ ያስተምራል። ሌላው ሁሉ፣ ትምህርትም ሆነ ሀብት፣ ትዳርም ሆነ ሹመት፣ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ግን ቅደም ተከተሉን እናፋልሳለን። መጀመሪያ የምንሻውን ነገር እንወስናለን፤ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ወደ ወሰንነው እንዲመጣልን እንለምናለን።

ለምሳሌ ከደቡብ ወሎ ብዙ ሴቶች ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። አንዲት ልጅ «ዓላማሽ ምንድር ነው?» ብትባል «ዓረብ አገር መሄድ» ትላለች። ይህ መንገድ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። «ለምን?» ብለን ብንቀጥል «እናቴን ለመርዳት፣ ወንድሞቼን ለማስተማር» ትላለች። እነሆ፣ የተቀደሰው ዓላማ ይህ ነው። ዓላማው ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው መንገዱን መመዘን የሚቻለው፦ አደጋው ምን ያህል ነው? በሕጋዊ መንገድ ነው ወይስ በደላላ? እዚሁ ሆኖ ያንኑ ለማድረግ የሚያስችል ሥራ አለን? ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የተናገረው (ሉቃ. 14፥28) ለዚህ ዓይነቱ ምርመራም ያገለግለናል።

2. ጸሎት ምን ይሠራል?

በአገራችን ስለት መሳል የቆየ ልማድ ነው። ከምስጋናና ከእምነት የሚወጣ ስለት መልካም ነው። ነገር ግን «ይህን ከሰጠኸኝ ያንን እሰጥሃለሁ» ወደሚል ንግድ ሲለወጥ እግዚአብሔርን ባለ ዕዳ ልናደርገው መሞከራችን ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ እንደሚያስተምረው የምንጸልየው የእግዚአብሔርን አሳብ ለመለወጥ አይደለም፤ እርሱ በጸሎታችን በኩል ሊሰጠን ያዘጋጀውን ለመቀበል ነው። ስለዚህ ጸሎት ከንቱ ልፋት አይደለም፤ ገበሬ መዝራቱ ለመከር እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ጸሎትም በእግዚአብሔር መግቦት ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው።

የጸሎት ሁሉ መምህር የሆነው ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት በግልጽ ለመነ፤ ፈቃዱንም ለአባቱ ሰጠ (ማቴ. 26፥39)። ሁለቱንም ማድረግ አለብን። የምንፈልገውን ሳንደብቅ መናገር ልጅነት ነው፤ መልሱን ለእርሱ መተው እምነት ነው። ጽዋው እንዳላለፈ አንርሳ። ያልተፈጸመ ልመና ሁሉ ያልተሰማ ልመና አይደለም።

3. ነህምያ፦ የጸለየና ያቀደ ሰው

ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ያህል ጠበቀ። ንጉሡ በጠየቀው ጊዜ በልቡ ጸለየና የሚያስፈልገውን በዝርዝር ተናገረ፦ የጊዜ ቀጠሮ፣ የይለፍ ደብዳቤ፣ እንጨት (ነህ. 2፥4-8)። ኢየሩሳሌም ከደረሰም በኋላ ወዲያው አልጀመረም፤ በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ። ጠላት በተነሣባቸው ጊዜ ጸለዩ፤ ጠባቂም አቆሙ (ነህ. 4፥9)። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ (ነህ. 6፥15)።

እዚህ ላይ ጸሎቱ ሥራውን አልተካም፤ ሥራውም ጸሎቱን አልተካም። የአራቱ ወር ጸሎት እቅዱን አበሰለው። ከጦርነቱ በኋላ ቤቱንና ሱቁን እንደ ገና ላቆመ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ይህ መጽሐፍ እንግዳ አይሆንበትም።

4. ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ ዓላማቸው በመንገድ የጠራላቸው

ከራሳችን አገር ምሳሌ ብንፈልግ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አሉልን። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወለዱ፤ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ፤ በመርጡለ ማርያም መነኮሱ። የመጀመሪያ አሳባቸው የምንኵስናን ሥርዓት መርምሮ ማደስ ነበር። ስለዚህም ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ሲሄዱ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ተጓዙ፤ ሮምንም አዩ። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1844 በ53 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ሲሆን፣ ቅስና የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 በእምነታቸው ምክንያት በሰንሰለት ታስረው ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሲጓዙ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1926 ብፅዕናቸውን አወጁ።

ይህን የምናነሣው የጥንት ቍስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ዛሬ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በፍቅር እንኖራለን። ልናስተውል የሚገባን ግን ይህ ነው፦ ሲነሡ ያሰቡት ሥራና በመጨረሻ የደረሱበት ስፍራ አንድ አልነበሩም። ያልተለወጠው እውነትን መሻታቸው ነበር። እግዚአብሔር እቅዳቸውን ቢለውጥም ያንን ጥማት አልወሰደባቸውም።

5. እንዴት እንጀምር?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠመዝማዛውን ስንወርድ ከተማዋ ከሩቅ ትታያለች፤ ቅርብም ትመስላለች። በጉም ወራት ግን የሚታየው የፊት ለፊቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ጥሩ ሹፌር ጉሙ ሲወርድ መንገዱን አይለውጥም፤ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ ይሄዳል። ቅዱስ ኢግናጥዮስም በመንፈስ ድርቀት ጊዜ ቀድሞ የተወሰነውን መልካም ውሳኔ እንዳንለውጥ ይመክራል።

ስለዚህ፦ አንደኛ፣ አንድ ዓላማ ምረጡና ምክንያቱን በወረቀት ጻፉ። ሁለተኛ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ለአንድ ወር በየዕለቱ በጸሎት አቅርቡት፤ ከንስሐ አባታችሁና ጉዳዩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማከሩ። ሦስተኛ፣ በዚህ ሳምንት የሚደረግ ትንሽ ሥራ ወስኑ፤ በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ሰው በቀን ግማሽ ሰዓት ማጥናት ከቻለ በቂ መነሻ ነው። አራተኛ፣ ማታ ማታ ኅሊናችሁን መርምሩ፦ ዛሬ ስለ ምን ላመስግን? የት ሰነፍሁ? ነገ ምን ላርም? አምስተኛ፣ እሑድ በቅዳሴ ጊዜ ድካማችሁን ከኅብስቱና ከወይኑ ጋር አቅርቡ።

ያ ወጣት ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። እኛም ይቅርታ ጠየቅነው። አሁን «ይሳካልሃል» አንለውም፤ «እግዚአብሔር አይተውህም» እንለዋለን። የመጀመሪያውን የመናገር ሥልጣን የለንም፤ ሁለተኛው ግን የተሰጠን ተስፋ ነው።

ለግልና ለማኅበር ውይይት

ሀ. አሁን በምጸልይበት ጉዳይ የምለምነው መንገዱን ነው ወይስ መድረሻውን?
ለ. «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለውን ቃል ለስንፍና ሰበብ ያደረግሁበት ጊዜ አለን?
ሐ. ያልተፈጸመ ልመናዬ ወደ ምን መራኝ?