ስለ 4,294,967,297

ቁጥር ሲበዛ ብዙ ሰው ይሸሸዋል። እኔ ግን በዚህ ዓመት ከአንድ ባለ ዐሥር አኃዝ ቁጥር ጋር ተወዳጅቻለሁ፤ ወዳጅነታችንም የተጀመረው በኀፍረት ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከነትምህርቱ ለጓደኞቼና ለወላጆቻችን ባጭሩ ላስረዳ።

አስቀድመን አንድ ቃል እንወቅ። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል፣ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 15 ግን በ3ና በ5 ስለሚካፈል አይደለም።

አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን በሰሌዳው ላይ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ብለው ጻፉ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከ2 ተነሥቶ የተገኘውን በራሱ እያባዙ መሄድ፣ በየደረጃውም 1 መጨመር ነው። 65,536 በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296 ይሆናል፤ 1 ሲጨመርበት ከላይ የጠቀስሁት ቁጥር ይመጣል። «አምስቱ ሁሉ ብቸኞች ናቸው፤ ስድስተኛውስ?» ብለው ጠየቁ። እኔም ብድግ ብዬ «እሱም ብቸኛ ነው» አልሁ። «አስረዳ» ቢሉኝ ግን መልስ አጣሁ።

ማታ ከ3 እስከ 97 ባሉት ሃያ አራት ብቸኛ ቁጥሮች አካፈልሁት፤ በሁሉም ቀሪ ወጣ። በማግሥቱ ደብተሬን በኩራት አቀረብሁ። አስተማሪያችን አገላብጠው አዩና «ድካምህ መልካም ነው፤ አሁን ደግሞ በ641 አካፍለው» አሉኝ። ባካፍለው 6,700,417 ደረሰ፤ ቀሪውም ዜሮ ሆነ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

በኋላ የሚያጽናና ነገር ሰማሁ። ታላቁ ፈረንሳዊ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1640 እኔ ያልሁትን ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሙሉ ማስረጃ እንዳላገኘለት አልሸሸገም። ስሕተቱን በ1732 የገለጠው የስዊስ ተወላጁ ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። ኦይለር በኋላ እንዳስረዳው፣ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 የሚያስቀር መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ፤ አምስተኛው ሙከራ ይበቃል ማለት ነው። የእኔ ሃያ አራቱ ግን አንዱም ከዚህ ወገን አልነበረም!

ረጅም ማካፈል ሳይኖር ነገሩን እንዲህ ማረጋገጥ ይቻላል። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ፣ አራት 640ዎች ተባዝተው በ641 ቢካፈሉ ቀሪው 1 ነው። 640 ደግሞ 5 ጊዜ 128 ነውና፣ ይህ ብዜት 625 ጊዜ 268,435,456 ነው። በላዩ 16 ጊዜ 268,435,456፣ ይኸውም 4,294,967,296፣ ቢጨመርበት 641 ጊዜ 268,435,456 ስለሚሆን በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንግዲህ የፊተኛው ተደማሪ 1 ካስቀረ፣ ለኋለኛው 1 ጎድሎታል፤ 1 ስንጨምርለት ይሞላል። የተጨመረበትም ይኸው የኛ ቁጥር ነው።

ከዚህ በላይ ባሉት የዚህ ቤተ ሰብ ቁጥሮች ውስጥ እስከ ዛሬ ሌላ ብቸኛ አልተገኘም፤ የለም ብሎም ያስረዳ የለም።

ጓደኞቼ ሆይ፣ አምስት ምሳሌ ቢሰምር ስድስተኛው ሊያፈርሰው ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ከማንሣቴ በፊት «አስረዳ» የሚለውን ቃል ራሴን እጠይቃለሁ።