ከጉቶ የተመለሰ ደን፦ የሁምቦ ማኅበራት መተዳደሪያ ደንብና የካርቦን ውል

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የወላይታው ሁምቦ ወረዳ በአየር ንብረት ለውጥ ጥናቶች ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው በአንድ ተራራማ ስፍራ ምክንያት ነው። 2,728 ሄክታር የሚሸፍነው ይህ ስፍራ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ለአሥርት ዓመታት ሲገፈፍ ቆይቶ የተራቆተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የተጀመረው ደኑን መልሶ የማልማት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በኪዮቶ ፕሮቶኮል የንጹሕ ልማት አሠራር ሥር ተመዝግቦ በአፍሪካ በዚህ ዘርፍ ከተመዘገቡ ሰፋፊ የደን ፕሮጀክቶች ፈር ቀዳጅ ሆኗል። ስለ ፕሮጀክቱ የተጻፉት አብዛኞቹ ዘገባዎች የሚያተኩሩት በተመለሰው አረንጓዴ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ግን ሥራውን የያዙት ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያወጡት ደንብና ከውጭ የመጣው የካርቦን ውል እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ነው።

ዘዴው በኒጀር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቶኒ ሪናውዶ ከተባለው አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ሥራ ጋር ስሙ የተያያዘው፣ ገበሬው ራሱ የሚያካሂደው የተፈጥሮ ዳግም ልማት ነው። ዛፍ ተቆርጦ ምድሩ ባዶ በሚመስልበት ስፍራ ከመሬት በታች ሕይወት ያለው ሥር ብዙ ጊዜ አይታጣም። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ብዙ ቀንበጦች መካከል ጠንካሮቹ ተመርጠው ይተዋሉ፤ የቀሩት ይመለመላሉ፤ ስፍራው ከእንስሳትና ከመጥረቢያ ይጠበቃል። በሁምቦም አብዛኛው ደን የተመለሰው ከነባር ጉቶዎች ነው፤ ችግኝ የተተከለው ጉቶ በጠፋበት ክፍል ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለተመራማሪው ትልቅ ትርጉም አለው። ችግኝ ተከላ የአንድ ቀን ዘመቻ ሊሆን፣ ተቆጥሮም ለዘገባ ሊበቃ ይችላል። ጉቶን ማሳደግ ግን ዕለት ዕለት መከልከልን የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ የሚያስከብረው ደንብ ከሌለ አይጀመርም። በአገራችን የደን ልማት ዘገባዎች የተተከለው ቁጥር ጎልቶ የጸደቀው የሚደበዝዘውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል፤ የጥበቃን ድካም የሚለካ ዓምድ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

ስፍራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ሲደረግ ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም፤ ሊወድቅም አይችልም። በሬና ላም ያለው ገበሬ ልቅ ግጦሽ ቢቀርበትም ከተከለለው ስፍራ ሣር አጭዶ መውሰድ ተፈቅዶለታል፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ የሚበቅለው ሣር የሚያካክስለት ነገር አለው። ከሰል ሸጦ ዘይትና ጨው የሚገዛው ግን ገቢው የሚቋረጠው በዚያው ሳምንት ነው። ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶች የደረቀ እንጨት መሰብሰብ ቢፈቀድላቸውም፣ ገና በማገገም ላይ ካለ ስፍራ የሚገኘው ደረቅ እንጨት ጥቂት ስለሆነ ከክልሉ ውጭ ርቆ መሄድ አይቀርም። ይህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ወጪ በሳተላይት ምስል አይታይም። ምስሉ የሚያሳየው የተከለለው መለምለሙን ነው፤ ከብቱና መጥረቢያው ወደየትኛው ኮረብታ እንደተዛወረ ለማወቅ ጎረቤት ቀበሌዎችን በእግር መዞር ያስፈልጋል።

ደንቡን ያጸናው የካርቦን ገንዘብ ነው የሚለው አስተያየት በስሌት ሲፈተን ይሳሳል። ፕሮጀክቱ በ30 ዓመታት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያምቅ የተገመተ ሲሆን፣ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት የተዋዋለው 165,000 ቶን ነው፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ከሽያጩ ይገኛል ተብሎ የተነገረው ከ700,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ በትንሹ በ10 ዓመት ውስጥ የሚከፈል ነው። ለ2,728 ሄክታር ሲካፈል በሄክታር በዓመት ወደ 26 ዶላር ይጠጋል። ይህም ለጥበቃና ለማኅበሩ ማስኬጃ የሚወጣው ሳይቀነስ ነው። ገንዘቡ ለየአባሉ ቢከፋፈል ከአንድ የገበያ ቀን ወጪ ብዙም የማያልፍ ስለሚሆን፣ እንደ ወፍጮና የእህል መጋዘን ላሉ የጋራ ሥራዎች መዋሉ ብልህነት ነበር። ገበሬውን በደንቡ ሥር ያቆየው ግን ከዚህ ይልቅ ሣሩ፣ የጎርፉ መቀነስና በእጁ የገባው የመጠቀሚያ መብት ምስክር ወረቀት ነው ብሎ መገመት ከስሌቱ ጋር ይስማማል። መላምቱ በመስክ ጥናት ሊፈተን የሚገባው ነው።

ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ የውሉ ጠባይ የበለጠ ያሳስባል። በንጹሕ ልማት አሠራር ደን ያስገኝ የነበረው የምስክር ወረቀት እንደ ኃይል ማመንጫ ፕሮጀክት ቋሚ አልነበረም፤ ደን ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ስለሚችል ጊዜያዊ ነበር። በጥቅምት 2012 (እ.ኤ.አ.) ለሁምቦ የተሰጡት 73,339 ምስክር ወረቀቶች የዚህ ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው የኪዮቶ ዘመን (2008–2012) የተሰጠ ጊዜያዊ ምስክር ወረቀት ሁለተኛው ዘመን ሲያበቃ፣ ማለትም በ2020፣ ዋጋው የሚያከትም ነበር፤ የያዘውም አገር በሌላ መተካት ነበረበት። የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ገበያ ደግሞ የደን ምስክር ወረቀቶችን ከናካቴው አልተቀበለም። ስለዚህ ከገዢው በኩል ያለው ግዴታ በዓመታት የተወሰነ ሲሆን፣ ከገበሬው በኩል የሚጠበቀው ግን አንድ ትውልድ የሚዘልቅ ቁጥብነት ነው። አደጋው ከላይ ወደ ታች ተሸጋግሯል ማለት ነው።

የመመዝገቢያው መስፈርትም የራሱ እንቆቅልሽ አለው። መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ደን ያልነበረበት መሆን ነበረበት። ቀድሞ ያወደመ ይመዘገብ ነበር፤ የጠበቀ ግን ደጅ ይቀር ነበር። በመንዝ የጓሳ ሣር ምድር ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋ ለአጭር ጊዜ ሲከፈት፣ አጫጁም ዘመኑን ጠብቆ ሲያጭድ ኖሯል። እንዲህ ያለው ነባር ደንብ በዚህ ሚዛን ሲመዘን “ተጨማሪ” ነገር አላመጣም ይባላል። መስፈርቱ ለካርቦን ሒሳብ ምክንያታዊ ነው፤ ለማኅበረሰብ የሚያስተላልፈው መልእክት ግን ግልብጥ ነው።

የሕጉ ጉዳይ በተለየ መንገድ ተሻሽሏል። ፕሮጀክቱ በተጀመረ በዓመቱ ገደማ የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542/1999 የሚያውቀው የመንግሥትንና የግልን ደን ብቻ ነበር። የሁምቦ ማኅበራት እንግዲህ በሁለቱ መካከል በጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን በስም ጠርቶ ዕውቅና ሰጥቷል። ዕውቅናው ግን አባል ማን ነው የሚለውን አይመልስም። በወላይታ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በብዙ ስፍራ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ስፍራው ሲከለል ሕፃን የነበረው ዛሬ ጎጆ ወጥቶ መሬት ይፈልጋል፤ የአባቱ አባልነት ለእርሱ ያልፋል ወይስ አያልፍም፣ ከወንድሞቹስ ለየትኛው? የኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ሲጻፍ እንደ መደበኛ ቅጽ የሚታለፈው የውርስና የአዲስ አባል አንቀጽ፣ በሁምቦ ከካርቦኑ ልኬት ባላነሰ ጥንቃቄ ሊጠና ይገባዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ ያለው በማኅበራቱ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ በቅጣት ደረሰኝና ከክልሉ ውጭ በሚኖሩ አባል ያልሆኑ ቤተሰቦች ዘንድ ነው።