የከሚሴ ሥልጣን ከየት ይመነጫል?

ጥያቄ፦ መቀመጫው ከሚሴ የሆነው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ሥልጣኑን ያገኘው ከክልሉ ዋና ከተማ ከባሕር ዳር ነው ወይስ ከሕዝቡ?

መልስ፦ ከሁለቱም ነው፤ ሚዛኑ ግን ወደ ሕዝቡ ያደላል። የሰሜን ወሎን ዞን አስተዳዳሪ ክልሉ ይሾመዋል። ከሚሴ ግን፣ እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ሁሉ፣ የብሔረሰብ ምክር ቤት አላት፤ ዋና አስተዳዳሪውን የሚመርጠውም፣ የሥራ ቋንቋውን የሚወስነውም ይኸው ምክር ቤት ነው። የአስተዳደሩ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ይህን የደነገገው በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ስለሆነ «ክልሉ የሰጠውን ክልሉ ይነሳል» የሚል አይጠፋም። በበጀት ረገድ ነገሩ ክብደት አለው፤ የከሚሴ እጅ ባሕር ዳርን ይጠብቃል። የመብቱ ሥር ግን ከክልሉ በላይ ነው፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የሉዓላዊነት ባለቤት ያደረገው ብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን እንጂ ክልሎችን አይደለም፤ በአንቀጽ 39ም ራስን የማስተዳደር መብት ሰጥቷቸዋል። ክልሉ የራሱን ሕግ ቢያሻሽል እንኳ ይህን መሻር አይችልም።