ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ፤ ከመግዛት በፊት መለካት



በምንማርበት በዚህ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ አሮጌ የአሜሪካ መኪና የሚወዱ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከእኛም ብዙዎቻችን በእነዚሁ የክፍል ጓደኞቻችን መኪና እንሳፈራለን። ይህን አጭር ጥናት ለማቅረብ ያነሳሳኝ ባለፈው ዓመት የደረሰብን አደጋ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከአባቱ በወረሳት የ1969 ሞዴል ሸቭሮሌ ካማሮ ላይ ባለ 17 ኢንች ቸርኬና ሰፋፊ ጎማ ለማስገጠም አሰበ። ከመግዛቱም በፊት እንድለካለት ለመነኝ። እኔም መኪናዋ ቀጥ ብላ እንደቆመች በሜትር ለክቼ «ይገባል» አልኩት። ጎማው በተገጠመ በሦስተኛው ቀን አደባባይ ስንዞር የፊተኛው ጎማ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ተፋትጎ ጎኑ ተቀደደ፤ መኪናዋም የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጨች። ፍጥነታችን አነስተኛ ስለነበረ ማንም አልተጎዳም። ስሕተቱ ግን የእኔ ነበር። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ከተረዳሁ በኋላ ትምህርቱን ለብቻዬ መያዝ ተገቢ ሆኖ አልታየኝም።

የነገሩ መነሻ

«መስል ካር»፣ ማለትም ጡንቸኛ መኪና የሚባለው፣ መጠነኛ አካል ላይ ትልቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የተጫነበት የአሜሪካ መኪና ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ተደርጎ የሚቆጠረው ባለ 6.4 ሊትር ሞተሩ የ1964 ሞዴል ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ሞተሩ እንዲህ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ጎማው ግን በዛሬ ዓይን ሲታይ ጠባብ ነበር። የ1969 ካማሮ ኤስኤስ ከፋብሪካ የወጣችው ዲያሜትሩ 14 ኢንች፣ ስፋቱ 7 ኢንች በሆነ ቸርኬና ኤፍ 70-14 በተባለ ጎማ ነው። ትልቅ ቸርኬ ለትልቅ የፍሬን ዲስክ ቦታ ይሰጣል፤ ጎኑ አጭር የሆነ ጎማም ኩርባ ላይ ብዙ አይወዛወዝም። ስለዚህ የጓደኛዬ ፍላጎት ስሕተት አልነበረም። የጎደለው መለኪያው ነው። እርሱንም በሦስት ከፍለን እንመልከት።

ሀ/ የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር

በጎማ ጎን ላይ 225/70 አር 14 ተብሎ ቢጻፍ፣ 225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የድሮው ኤፍ 70-14 በዚህ ልክ ሊተካ ይችላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የ225 ሰባ በመቶ 157.5 ነው፤ ከላይና ከታች ስለሆነ 315 ይሆናል። 14 በ25.4 ሲባዛ 355.6 ነው። ድምሩ 670.6 ሚሊሜትር ይሆናል።

ጓደኛዬ የገዛው 255/50 አር 17 ነበር። ይህ በተመሳሳይ ስሌት 686.8 ሚሊሜትር ይመጣል። ልዩነቱ 2.4 በመቶ ነው። በመሆኑም የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናዋ በእውነቱ ከ102 በላይ ትሄዳለች፤ የጎማው አናትም 8 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። በአንጻሩ 235/50 አር 17 ቢሆን ኖሮ 666.8 ሚሊሜትር ስለሚሆን ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ነው።

ለ/ የቸርኬው አቀማመጥ

ሁለት ቸርኬዎች በስፋት እኩል ሆነው አንደኛው ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚወስነው የጀርባው ጥልቀት ነው። ቸርኬውን በፊቱ ደፍታችሁ ቀጥ ያለ ዘንግ በጀርባው ጠርዝ ላይ አጋድሙና ከዘንጉ ጀምሮ በብሎን እስከሚታሰረው ገጽ ድረስ ለኩ። ከ7 ወደ 8 ኢንች ስፋት ስትሸጋገሩ ይህ ጥልቀት ካልተለወጠ የተጨመረው አንድ ኢንች በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ጥልቀቱ በግማሽ ኢንች ከጨመረ ግን ጭማሪው ለውስጥና ለውጭ እኩል ይካፈላል። ካማሮ ከኋላ በውስጥ በኩል ባሌስትራ፣ በውጭ በኩል የፓራፋንጎ ጠርዝ ስላላት ቦታዋ በሁለቱም ወገን የተወሰነ ነው። የውጩን ወሰን ለማወቅ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ ማንጠልጠል ይበቃል።

ሐ/ እንቅስቃሴው

የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። በሕክምና ትምህርታችን እንደምናውቀው፣ ያረፈ ሰው ልብ ሲመረመር ጤነኛ መስሎ፣ ሰውየው ሲሮጥ ግን ሕመሙ ሊገለጥ ይችላል። መኪናም እንዲሁ ነው። የፊት ጎማ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መዞር ብቻ ሳይሆን ሞላው ሲጨመቅ ወደ ላይም ይወጣል። አደባባይ ላይ ሁለቱ በአንድነት ይሆናሉ። እኔ የለካሁት ግን አንዱንም አልነበረም።

ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። ሞላው በባለሙያ እጅ ይወጣል፤ የታመቀ ሞላ ሰው ሊገድል ስለሚችል ይህን በራሳችሁ አትሞክሩ። ከዚያ ጎማው በክሪክ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተገፋ፣ በየደረጃው መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ወገን ይዞራል። በየትኛውም ቦታ በጎማውና በብረቱ መካከል ግማሽ ኢንች ያህል ክፍተት ካልተረፈ ያ ጎማ ለዚያች መኪና አይሆንም።

ጉዳቱንም መመዘን ይገባል። ቸርኬው ከቀድሞው ከከበደ ሞላው መንገዱን በሚገባ መከተል ያቅተዋል፤ ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ መጠን በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ አጭር ጎን ያለው ጎማ የጉድጓዱን ምት በቀጥታ ለቸርኬው ያስተላልፋል፤ ሰፊ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ቶሎ ሊንሳፈፍ ይችላል። ቸርኬው ስለተለቀ ብቻም ፍሬኑ አይሻሻልም፤ የሚሻሻለው ዲስኩ ራሱ ሲለወጥ ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ የሚለው አባባል ልክ ሆኖ ሳለ አሥሩም ልኬት በአንድ አቋም ላይ ከሆነ እንደ አንድ የሚቆጠር መሆኑን ነው። ጓደኛዬ አሁን 235/50 አር 17 አስገጥሟል፤ ይህን ጊዜ ሁለታችንም ክሪክ ይዘን ከመካኒኩ ጋር ግማሽ ቀን ቆይተናል።

ለመለማመጃ ያህል፦ የ245/45 አር 17ን ጠቅላላ ዲያሜትር አስሉ። 652.3 ሚሊሜትር ካገኛችሁ ክፍል ሀ ገብቷችኋል። መኪናዋን ግን ወረቀት ላይ ብቻ አትለኩ።